ዛፍ ግቢ ውስጥ ሲወድቅ፦ ከየት ይጀመራል?

ክረምት ገብቶ ከባድ ዝናብ ከነነፋሱ ሲመጣ ያው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። «ባሕር ዛፉ አጥሩ ላይ ወደቀ፣ ምን ላድርግ?» «ግራቪሊያው ጣራዬን ሰበረው፣ ማንን ልጥራ?» ውጭ አገር ሆነው እናታቸው ግቢ ስለወደቀ ዛፍ የሚጠይቁም አሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይቅር። አስቤ የጻፍኩት የአዲስ አበባን ግቢ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ፣ ቆርቆሮ አጥር፣ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ረጃጅም ዛፍ። እንዲህ ያለ ግቢ ሌላ ከተማም ካላችሁ ይሠራል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ። ግንዱ የትም አይሄድም። ሳምንት ቢተኛ ምንም አይሆንም። የሚያስቸኩሉት ሁለት ናቸው፦ ኤሌክትሪክና ውሃ። ኤሌክትሪኩ አሁኑኑ ይገድላል። ውሃው ደግሞ ነገ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግንዱ ይጀምራል፤ ዓይን የሚሞላው እሱ ነዋ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ተራውን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወፍራም የቆዳ ጓንት። የጨርቁ ጓንት የቆርቆሮ ስለት አያቆምም።
- ቦት ጫማ ወይም ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ። ሸበጥ አድርጎ መጋዝ የሚይዝ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።
- ሄልሜትና የዓይን መነጽር። የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው ሄልሜት ይበቃል።
- ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የእጅ መጋዝ። የአናጺ መጋዝ ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ እርጥብ እንጨት ውስጥ በመጋዝ ትቢያ ይታፈናል።
- ለጭራሮ ገጀራ፣ ለፍልጥ መጥረቢያ።
- ሁለት ሦስት የእንጨት ሽብልቅና መዶሻ። በቼይንሶ (በሞተር መጋዝ) የምትሠሩ ከሆነ የብረት ሽብልቅ አትጠቀሙ፤ ሰንሰለቱ ከነካው ይበላሻል፣ ስባሪውም ይፈናጠራል።
- ጠንካራ ገመድ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ የእጅ ጋሪ፣ ባዶ ማዳበሪያዎች።
- ለጣራ የሚሆን ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ።
- ቻርጅ ያለው ስልክ። ለኤሌክትሪክ 905፣ ለአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

ከሁሉም በላይ አንድ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል። ባይሠራም ቆሞ የሚያይ ይሁን። ግንድ ቢጫናችሁ ስልክ የሚደውለው እሱ ነው።

1. ነፋሱ እስኪቆም ቤት ቆዩ፤ ስትወጡ መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ

አንድ ዛፍ ከወደቀ አጠገቡ ያለው ሌላ ዛፍም አደጋ ላይ ነው። እስከዛሬ ነፋሱን ሲከልልለት የነበረው ወድቋል፣ አፈሩም በውሃ ርሷል። ከዚያ ውጭ ተሰብረው ያልወደቁ፣ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክተው የቀሩ እንጨቶች ይኖራሉ። ቀለል ባለ ንፋስ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ንፋስ ይወርዳሉ። ግራቪሊያ በዚህ የታወቀ ነው፤ ቅርንጫፉ በቀላሉ ይሰበራል።

እንዲህ ያለ የተንጠለጠለ እንጨት ካያችሁ ከሥሩ ማንም አይለፍ። በገመድ ወይም በወንበርም ቢሆን ቦታውን ዝጉት። ልጆችንና ውሻውን ቤት አስገቡ።

2. ሽቦ መኖሩን አጣሩ

ረጅም የጻፍኩት ይህን ነው። አንብባችሁ ጨርሱት።

መሬት የወደቀ፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ወይም አጥር የነካ ሽቦ ካለ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁና 905 ደውሉ። ሽቦው የስልክ ይሁን የመብራት ከሩቅ መለየት ስለማይቻል ሁሉንም የመብራት ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ብልጭታ ወይም ድምፅ የለውም ማለት ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም።

«ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቷል፣ ምን ያመጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት ሲመጣ አስጠንቅቆ አይመጣም። ደግሞም ጎረቤት ጄኔሬተር አስነስቶ በትክክል ካላያያዘው ኤሌክትሪኩ ወደ መንገዱ ሽቦ ሊመለስ ይችላል።

የእኛ ግቢዎች ላይ ትልቁ አደጋ ቆርቆሮው ነው። ሽቦው በአንዱ ጥግ አጥሩን ቢነካ፣ በሌላው ጥግ ያለው የብረት በር ሊይዛችሁ ይችላል። ቆርቆሮ ጣራ፣ አሸንዳ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ የዲሽ ብረት፣ ሁሉም ያው ናቸው። ስለዚህ ሽቦው አጥሩን ነክቶ ከሆነ በሩን ለመክፈት አትሂዱ። ከውጭ ያለው ሰውም እንዳያንኳኳ ጮክ ብላችሁ ንገሩት።

እርጥብ መሬት ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሽቦው አጠገብ መሆናችሁን ዘግይታችሁ ካወቃችሁ አትሩጡ፣ እግራችሁንም አታራርቁ። ሁለቱን እግር አጠጋግታችሁ፣ ከመሬት ሳታነሱ፣ በትንሽ በትንሹ እየጎተታችሁ ራቁ። ሰፊ እርምጃ ሲሆን አንዱ እግር ከሌላው የተለየ ኃይል ያለው መሬት ይረግጣል። ያኔ ኤሌክትሪኩ በሰውነታችሁ በኩል ያልፋል።

ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ በእጅም በእንጨትም አትንኩት፤ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። 905 እና 939 ደውሉ። ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስ ሌላ ሰው እንዳይቀርብ መከልከል ነው የእናንተ ሥራ።

የቤታችሁን ብሬከር አጥፉ፤ ወደሱ የሚወስደው መንገድ ደረቅ ከሆነ ብቻ። ጥቅሙ ጣራ ተቀድዶ ውሃ ወደ ቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ቢገባ እሳት እንዳይነሳ ነው። የመንገዱን ሽቦ ግን አያጠፋም። ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

3. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ

ዛፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደወደቀ፣ ሥሩ፣ የተጎዳው አጥርና ጣራ፣ ሁሉም ይታይ። ከተቆራረጠ በኋላ «ከማን ግቢ ነው የወደቀው?» ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ አይኖርም። ኢንሹራንስ ያላችሁም ያለ ፎቶ ትቸገራላችሁ።

ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ጎረቤቱን ጥሩትና አብራችሁ እዩ። መንገድ ዳር የነበረ ዛፍ ከሆነ የእናንተ አይደለምና ወረዳ አስታውቁ። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ወይም ዋንዛ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ግቢ ውስጥም ቢሆን ግንዱን ከማስወጣታችሁ በፊት ወረዳ ጠይቁ። አገር በቀል እንጨት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል።

4. ውሃ መውረጃውን ክፈቱ

አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋቱ የእናንተ ነው። ግንዱን ትታችሁ አካፋና ማዳበሪያ ይዛችሁ ቦዩን፣ ቱቦውንና አሸንዳውን ከቅጠልና ከጭራሮ አጽዱ። ከበረዶ ጋር የወረደ ቅጠል ተጨማምቆ እንደ ክዳን ይደፍናል፤ ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በበር ይገባል።

ያወጣችሁትን ቅጠል ቦዩ ዳር አትከምሩት። መጀመሪያ ጠብ የሚለው ውሃ መልሶ ይወስደዋል። ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት።

የአጥር በር ሥር ያለውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ አትርሱ። እሱ ከተደፈነ ሌላው ሁሉ ቢጸዳ ዋጋ የለውም።

5. ስለት ያለውን ነገር ልቀሙ

የተቀደደ ቆርቆሮ፣ ብርጭቆ፣ ሚስማር የተመታበት ማገር። ቅጠሉ ሥር ተደብቀው ስለሚቀሩ እግር የሚወጉት በኋላ ነው። መጋዝ ይዛችሁ ሳትንቀሳቀሱ በፊት መሬቱ ይጽዳ፤ መጋዝ ይዞ መሰናከል ሌላ ጣጣ ነው። ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት።

6. ጣራውን ለጊዜው ሸፍኑ

ግንዱ አሁንም ጣራው ላይ ተኝቶ ከሆነ አትውጡ። ከሥሩ ያለውን ክፍልም ልቀቁ። ጣራውን የተሸከመው እንጨት (ሞራሌው) ተሰንጥቆ በቆርቆሮው ብቻ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ከውስጥ ኮርኒሱ ሲታይ ደህና ይመስላል።

ግንድ ከሌለበትና ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ዝናብ ሳይኖር፣ ጣራው ሲደርቅ ውጡ። ሚስማሩ የተደረደረበትን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ከሥሩ ማገር አለ። በሁለት ሚስማር መስመር መሐል ከረገጣችሁ ቀጭን ቆርቆሮ ይጎደጉዳል። ሰፊ ጣውላ ዘርግቶ በላዩ መሄድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሸራው ከቀዳዳው በላይ እስከ ጣራው አናት ድረስ ወጥቶ በወዲያኛው በኩል መታጠፍ አለበት። አናቱን ካላለፈ ከላይ የሚወርደው ውሃ በሸራው ሥር ገብቶ ያው ቀዳዳ ውስጥ ይፈስሳል። ጫፎቹን ግማሽ ድረስ አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ያዙ። ድንጋይ በንፋስ ይንከባለልና ሰው ላይ ይወርዳል። ሚስማር ብትመቱ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ነው።

7. ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ ወይስ ሰው ትጠራላችሁ?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሰው ጥሩ፦

- ዛፉ ቤት ወይም አጥር ላይ ተደግፏል።
- ወድቆ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።
- ሥሩ ከነአፈሩ ተነቅሎ ቆሟል።
- ግንዱ ከጭናችሁ ይወፍራል።
- ለመቁረጥ መሰላል ያስፈልጋል።

ሽቦ የነካ ዛፍ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ኃይሉን ሳያቋርጡ ማንም ቆራጭ አይነካውም። ምንም ያህል «ኧረ እኔ ለምጄዋለሁ» ቢላችሁ።

ሰው ስትጠሩ ዋጋውን በሥራው ሙሉ እንጂ በቀን አትነጋገሩ። መቁረጥ ብቻ ነው ወይስ ቅርንጫፉን ማውጣትም ይጨምራል? ግንዱ የማን ነው? እነዚህ ሦስቱ መጋዝ ሳይነሣ በፊት ይለቁ። እንጨቱን በክፍያው የሚያቻችሉ ቆራጮች አሉ፤ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ከሆነ ዋጋ ስላለው ዝም ብላችሁ አትስጡ።

ቼይንሶ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ የወደቀ ዛፍ የመለማመጃ ቦታ አይደለም። ጎረቤት ያዋሳችሁ ቼይንሶም ቢሆን ይቅር። የእጅ መጋዝ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ስትሳሳቱ ጊዜ ይሰጣችኋል።

8. ቅርንጫፉን መልምሉ

ከግንዱ ሥር በኩል ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ሂዱ። የምትቆርጡት ቅርንጫፍ ከግንዱ ወዲያ፣ እናንተ ወዲህ ሁኑ። ግንዱ በመካከል ካለ መጋዙ ቢያመልጥ እግራችሁ አይደርስም።

መሬት የተጫኑትን የታች ቅርንጫፎች ለመጨረሻ ተዉ። ግንዱን ደግፈው የያዙት እነሱ ናቸው። አንዱን ስትቆርጡ ግንዱ ይንከባለላል ወይም ዝቅ ይላል።

ግንድ ሥር ተይዞ የጎበጠ ቀጭን እንጨት ካለ በተለይ ተጠንቀቁ። ተወጥሮ ነው ያለው፤ አንዴ ቆርጣችሁ ከለቀቃችሁት ፊት ይመታል። ከጎበጠበት የውስጥ ጎን በኩል ትንሽ ትንሽ እየጫራችሁ ውጥረቱን አርግቡት፣ ከዚያ ቁረጡ። መቆሚያችሁ ከጎን እንጂ ከፊት ለፊቱ አይሁን።

በዚህ ሰዓት ሰፈሩ ጭራሮ ሊለቅም ይገባል። ደግ ነገር ነው፣ ቅጠሉም ለምጣድ ይሆናል። ግን ሥራው ሳያልቅ ከዛፉ ሥር ሰው አይግባ። የተመለመለውን ራሳችሁ እየጎተታችሁ በር ላይ አስቀምጡላቸው።

9. ግንዱን ቁረጡ

የተኛ ግንድ አንዱ ጎኑ ይጨመቃል፣ ሌላው ጎኑ ይለጠጣል። የተጨመቀው ጎን መጋዙን ነክሶ ያስቀረዋል። የተለጠጠው ጎን ደግሞ በድንገት ተሰንጥቆ ይመታል። ስለዚህ ከተጨመቀው ጎን ሲሶ ያህል ትቆርጡና ከተለጠጠው ጎን ትጨርሳላችሁ። የቱ ጎን የቱ ነው?

ሀ. ሁለቱ ጫፎች ተደግፈው መሐሉ አየር ላይ ከሆነ፦ የተጨመቀው ላይኛው ነው። ከላይ ሲሶውን ቁረጡ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ጨርሱ።

ለ. አንዱ ጫፍ ተደግፎ ሌላው ከተንጠለጠለ፦ የተጨመቀው ታችኛው ነው። ከታች ሲሶውን ቁረጡ፣ ከዚያ ከላይ ጨርሱ።

ሐ. ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ከተኛ፦ ከላይ ሁለት ሦስተኛውን ቁረጡ፣ ግንዱን አንከባልላችሁ ቀሪውን ጨርሱ። መጋዙ አፈር ከነካ ወዲያው ይደንዛል።

መጋዙ የገባበት ስንጥቅ እየጠበበ ከመጣ አቁሙና ሽብልቅ ምቱበት። ከተነከሰ በኋላ እየጎተታችሁ አትታገሉ፤ ግንዱን በረጅም እንጨት ከሥሩ ፈልቅቃችሁ አንሡት፣ በራሱ ይለቃል። መሬቱ ዳገት ከሆነ ሁልጊዜ ከግንዱ በላይ በኩል ቁሙ። ከቀጭኑ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ወፍራሙ ኑ፤ ክብደቱ እየቀለለ ይሄዳል።

ቼይንሶ የሚይዝ ሰው በሁለት እጁ ይያዝ፣ ከትከሻው በላይ አያንሣው፣ በመጋዙ አፍንጫ አይቁረጥ። አፍንጫው እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይዘልላል።

10. የተነቀለው ሥር

ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ላይ ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ ከነአፈሩ ተመልሶ ጉድጓዱ ላይ ሊቆም ይችላል። ግንዱ ነበር በክብደቱ ይዞት የቆየው። በጉድጓዱ ውስጥ ያለ ልጅ ወይም ውሻ ማምለጫ የለውም። ይህ ሥራ የባለሙያ ነው። እናንተ የምታደርጉት ማንም ጉድጓዱ አጠገብ እንዳይደርስ መጠበቅ ነው።

ሥሩ ከወጣ በኋላ የውሃ ቆጣሪያችሁን እዩ። ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። ቆጣሪው አሁንም ከዞረ ሥሩ የመሬት ውስጥ ቧንቧ ይዞ ወጥቷል ማለት ነው። ጉድጓዱን ከመሙላታችሁ በፊት ይጠገን፣ ኋላ መልሶ መቆፈር እንዳይመጣ። ስትሞሉት በየንብርብሩ ጠቅጥቁ። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃልና አጥር አጠገብ ከሆነ ቀይ አሸዋ ወይም ጠጠር ያለበት አፈር ይሻላል።

ዛፉ ከነሥሩ ሳይነቀል ተሰብሮ ጉቶ ከቀረ ጉቶውን ወደ መሬት አስጠግታችሁ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል። ከቤት ርቆ ከሆነ ጠንካራ ቀንበጥ አንድ ወይም ሁለት ትታችሁ ሌላውን ንቀሉ። ለቤት ቅርብ ከሆነ በወጣ ቁጥር ሁሉንም ንቀሉ፤ ሥሩ እስኪደክም ድረስ ይቀጥላል። የፈረንጅ ጥድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

11. እንጨቱንና ቅጠሉን ለዩ

ቀጥ ያለ ረጅም ግንድ ለቋሚ ወይም ለአጣና ይሆናልና ለማገዶ ከመቆራረጣችሁ በፊት ለዩት። ማገዶ የሚሆነውን ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ፍለጡ፤ ከደረቀ መጥረቢያ አይቀበልም። ፍልጡን ሁለት እንጨት ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። ከላይ ሸፍኑ፣ ጎኑን ግን ክፍት ተዉ፤ ጎኑ ከተሸፈነ ይሻግታል። ከቤት ግድግዳ አርቁት፣ ምስጥ ይዞ እንዳይመጣ።

የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ጎመን መደብ ላይ አትበትኑ፤ ቡቃያ ያቀጭጫል። ግቢ ውስጥም ክምሩን አታቃጥሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ሲደርቅ በአንዴ ነው የሚያያዘው፣ ነበልባሉም ከተጠበቀው በላይ ይወጣል። እርጥቡ ደግሞ ሰፈሩን በጭስ ይሞላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- *በመኪና መጎተት።* ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፣ የቆመ ሰው ያገኛል። ግንዱም ወዳልታሰበ ቦታ ይዞራል።
- *መሰላልን ራሱ በሚቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ መደገፍ።* ቅርንጫፉ ሲወድቅ የቀረው ክፍል ቀልሎ ወደ ላይ ይነሣል፣ መሰላሉም ይንሸራተታል።
- *ግንዱ ላይ ቆሞ መቁረጥ።* ሳይንከባለል የሚቆረጥ ግንድ ብዙም የለም።
- *ዝናብ ሊመጣ ሲል መቸኮል።* ደመናው ከተሰበሰበ መጋዙን አስቀምጡ። መብረቅ ባለበት ዛፍ አጠገብ ብረት ይዞ መቆም አያስፈልግም።
- *በድንጋጤ ሌላውንም ዛፍ አናቱን መቁረጥ።* ከተቆረጠው አናት የሚበቅለው አዲስ ቅርንጫፍ አያያዙ ደካማ ነው፤ በሌላ ክረምት የሚሰበረው እሱ ነው። ይልቅ ሥሩን እዩ። በግንዱ ዙሪያ አፈሩ ተሰንጥቆ ወይም በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ዛፉ ከትናንት ይልቅ አዘንብሎ ከሆነ፣ ወይም ሥሩ ላይ እንጉዳይ ከበቀለ ቆራጭ ጥሩ። አፈሩ ተሰንጥቆ ወይም አዲስ አዘንብሎ ከሆነ በጋን አትጠብቁ፤ እስኪቆረጥ ድረስ በሚያዘነብልበት በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ።